ፎቶሾፕን ትቼ ወደ ጊምፕና ስክራይበስ ልዞር ነው፤ በዚህ ሥራ የሚተዳደር ሰው ካለ ይምከረኝ

ቀይ_ቀለም፦
ሰላም ለሁላችሁ። በግራፊክስ መተዳደር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። አዲስ አበባ ነኝ። የሠርግ ካርድ፣ ብሮሸር፣ የካፌ ሜኑ፣ ባነር፣ አንዳንዴ የመጽሐፍ ሽፋን እሠራለሁ። እስካሁን ሁሉም በፎቶሾፕና በኢለስትሬተር ነበር፤ በክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ በተሰበረ ቅጂ። እዚህ ያለ ብዙ ሰው እንደኔው ስለሆነ አልደብቅም።

ባለፈው ወር ግን ዋጋዬን አገኘሁ። አዲስ ክራክ ከሰው ፍላሽ ወስጄ ጫንኩ፤ አብሮት የገባው ቫይረስ ፋይሎቼን በሙሉ ቆለፋቸው። ባክአፕ የነበረኝ የግማሾቹ ብቻ ነው። አንዲት ደንበኛዬ የልጇን የክርስትና ካርድ እንደገና ላሳትም ብላ ስትደውል «ፋይሉ የለም» አልኳት። አልተቆጣችም። «አይዞህ» አለችኝ። እሱ ነው ይበልጥ ያመመኝ።

እሺ ልግዛ ብዬ አሰብኩ። አዶቤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዲሱን ፕሮግራም የሚሰጠው በኪራይ ነው፤ አንዴ ከፍሎ መገላገል የለም። እኔ የሚከፈለኝ በብር ነው፣ የምከፍለው ግን በዶላር ሊሆን ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ፍጥነት የሠርግ ካርድ ዋጋ ልጨምር ብል ማን ያሠራኛል? በዚያ ላይ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ የለኝም።

ስለዚህ ወደ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት ወደ ሆነ ነፃ ፕሮግራም) ልዞር ቆርጫለሁ። ጊምፕን፣ ክሪታንና ኢንክስኬፕን አውርጃለሁ፤ ስክራይበስንም ስሙን ሰምቻለሁ፣ ገና አልከፈትኩትም። ማተሚያ ቤት ሲኤምዋይኬ (በአራቱ የኅትመት ቀለሞች፣ በሳያን፣ ማጀንታ፣ የሎና ብላክ የተሠራ ፋይል) አምጣ ይለኛል፣ ይቻላል? አማርኛ በደንብ ይጻፋል? የተረፉኝ ፒኤስዲ (የፎቶሾፕ) ፋይሎችስ? ያለፋችሁበት እውነቱን ንገሩኝ። «አሪፍ ነው ሞክረው» የሚለው አይበቃኝም።

ሰማያዊ_ብዕር፦
አይዞህ ወንድሜ። እኔ ከዞርኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። የቤት ኪራይም የልጄንም ትምህርት ቤት የምከፍለው በዚሁ ነው። ስለዚህ ይቻላል። የመጀመሪያው ወር ግን ያስለቅሳል፤ እጅህ የለመደው ቁልፍ ሁሉ ሌላ ነገር ያደርግብሃል፣ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ ግማሽ ሰዓት ይወስድብሃል። በዚያ ወር አስቸኳይ ሥራ አትቀበል።

አንድ ነገር ቀድመህ እወቅ። ፎቶሾፕን ከነሁሉ ነገሩ የሚተካ አንድ ፕሮግራም አትፈልግ፤ የለም። ሥራው ይከፋፈላል። ፎቶ ማጽዳትና ቀለም ማስተካከል ጊምፕ ላይ፣ ሎጎና ጥለት ኢንክስኬፕ ላይ፣ በእጅ የሚሳል ክሪታ ላይ። ጽሑፍ ኖሮት ለኅትመት የሚሄድ ገጽ ሁሉ ስክራይበስ ላይ ይገጣጠማል። አንተ ገና ያልከፈትከው ነው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግህ።

ጊምፕን ድሮ ሞክረህ ጠልተኸው ከሆነ አዲሱን አላየኸውም ማለት ነው። 3.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ነው፤ ከ2.10 በኋላ ሰባት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ትልቁ ለውጥ ፊልተሩ ሌየሩ (የምስሉ ንብርብር) ላይ እንደተቀመጠ መቆየቱ ነው። ድሮ ከርቭ (የብርሃን ማስተካከያውን) ነክተህ እሺ ካልክ አለቀ፤ ደንበኛው በማግስቱ «የሙሽራዋ ፊት ትንሽ ይፍካ» ካለህ ከመጀመሪያው ነው የምትጀምረው። አሁን ከሌየሩ ጎን ያለችውን ምልክት ነክተህ ቁጥሩን ብቻ ትቀይራለህ። የፊደል አውትላይንም (የጠርዝ መስመር) አለው። በፊት ጽሑፉን ወደ ፓዝ (ወደ ቅርጽ መስመር) ቀይሬ ነበር የማቀልመው፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ላይ አንድ ፊደል ከዘለልኩ ሁሉንም እንደ አዲስ። አሁን ጽሑፉ ጽሑፍ እንደሆነ ይቀራል፣ ገብተህ ታርማለህ።

የፎቶሾፕን አቋራጭ ቁልፎች የሚያመጣ ፎቶጊምፕ የሚባል ማስተካከያም አለ። ሁለት ወር ተጠቅሜበት ተውኩት። የራሱን መልመዱ ይሻላል፤ መመሪያ ቪዲዮ ስታይ የሚያወሩት በሱ ነውና።

ጀማሪ_ባሕርዳር፦
እህቴ አመሰግናለሁ፣ እኔም ማስታወሻ እየያዝኩ ነው። ላፕቶፔ 4 ጂቢ ራም ነው ያለው። ይችላል?

ሰማያዊ_ብዕር፦
ወንድሜ፣ ለካርድና ለብሮሸር ይችላል። ኤ4 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ፒክስል ነው፤ አይከብድም። የሚያንቀው ባነር ነው፣ እሱም ሰው በስህተት 300 ላይ ስለሚሠራው ነው። 3 ሜትር በ2 ሜትር ባነር በ300 ከ35 ሺህ በ23 ሺህ ፒክስል በላይ ይሆንብሃል። ባነር ከሩቅ ነው የሚታየው። 72 ላይ ሥራው፣ 8500 በ5670 ገደማ ነው የሚሆነው። ብራውዘሩንም ዝጋው።

የፕሌት_ሰው፦
ልጆች ሰላም። እኔ ዲዛይነር አይደለሁም። ማተሚያ ቤት ፕሪፕሬስ (ቅድመ ኅትመት) ክፍል 22 ዓመት ሠርቻለሁ። እናንተ የምትልኩትን ፋይል ተቀብሎ ፕሌት (ማሽኑ እያንዳንዱን ቀለም የሚያትምበትን ሰሌዳ) የሚያወጣው ሰው እኔን መሰል ነው። ስለ ሲኤምዋይኬ የተጠየቀውን ልመልስ።

ጊምፕ ውስጡ የሚሠራው በአርጂቢ፣ በስክሪን ብርሃን ቀለም ነው። ግን የማተሚያውን ፕሮፋይል (የቀለም መግለጫ ፋይል) ብትሰጡት ቀለሙ ወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል በስክሪን ያሳያችኋል፤ ቲፍና ጄፔግም በሲኤምዋይኬ ያወጣል። ለፎቶ ይህ ይበቃል። ዲዛይነር ሁሉ ሲኤምዋይኬ ሲባል የሚያስበው ስለ ቀለም ማማር ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ጥቁሩ ነው።

ምን ማለት ነው? በአርጂቢ የተጻፈ ጥቁር ጽሑፍ ወደ ሲኤምዋይኬ ሲለወጥ ብላክ ብቻ አይሆንም። ሳያኑም፣ ማጀንታውም፣ የሎውም ተደባልቀው ነው ጥቁር የሚሆነው። አንዷ ፊደል አራት ፕሌት ላይ ትወጣለች ማለት ነው። አሁን ወረቀቱ በማሽኑ ሲያልፍ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ይንሸራተት። ትልቅ ርዕስ ላይ አታዩትም። በ8 ነጥብ የተጻፈች «ጨ» ላይ ግን ሉፕ (ማጉያ መነጽር) አድርጋችሁ ብታዩ በእግሮቿ መካከል ያለው ነጭ ይሞላል፣ ጠርዟ ላይ በአንድ ወገን ቀላ ያለ፣ በሌላው ሰማያዊ ጥላ ይወጣል። የኛ ፊደል ቀጫጭን ነገር ስለሚበዛው ከላቲኑ ይልቅ ይጎዳል። ደንበኛው ምክንያቱን አያውቀውም፤ «ኅትመቱ ደብዛዛ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ስንት ሺህ ብሮሸር በዚህ ምክንያት ሲጣል አይቻለሁ። አብዛኛውም በፎቶሾፕ የተሠራ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ የነፃ ፕሮግራም አይደለም፣ ጽሑፍን ምስል ውስጥ መጻፍ ነው።

ስለዚህ ከጊምፕ ፎቶውን ብቻ አውጡ። ጽሑፉን ስክራይበስ ውስጥ ጻፉ። ቀለሙን ሳያን 0፣ ማጀንታ 0፣ የሎ 0፣ ብላክ 100 ስጡት። ከለር ማኔጅመንቱን አብሩ፣ ማተሚያ ቤታችሁ የሚጠቀመውን ፕሮፋይል ጠይቃችሁ አስገቡ። መልስ ካጣችሁ ለሚያብረቀርቅ ወረቀት ፎግራ39 የሚባለው ፕሮፋይል ብዙ ቦታ ያስኬዳል። 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ (ሲቆረጥ የሚወድቅ ትርፍ) በዙሪያው ተዉ። ፒዲኤፍ ኤክስ-3 (ለኅትመት የተዘጋጀው የፒዲኤፍ ዓይነት) አድርጋችሁ አውጡ። እንዲህ ሆኖ የመጣ ፋይል በምን እንደተሠራ የሚጠይቃችሁ የለም፤ እኔ በበኩሌ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ቀይ_ቀለም፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ስምንት ዓመት ሠርቼ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ብሮሸር «ደብዛዛ ነው» ተብሎ ተመልሶብኝ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ተጣልቻለሁ፤ ለካ ጥፋቱ የኔ ነበር። ነገ ሄጄ ይቅርታ እላቸዋለሁ።

ማታ_ዲዛይነር፦
እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ ላምጣ። የምሠራው ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ነው። ስድስት ሰዎች አንድ ፋይል እንቀባበላለን። ባለፈው ዓመት ለአንድ ወር ጊምፕ ላይ ልኑር ብዬ ሞክሬ ነበር። ከጓደኛዬ የመጣውን ፒኤስዲ ይከፍተዋል፤ ግን የጽሑፉ ሌየር ወደ ፒክስል ተቀይሮ ነው የሚገባው፣ ስማርት ኦብጀክቱም (ፋይሉ ውስጥ የታቀፈው ሌላ ምስል) እንደዚያው። ስልክ ቁጥር ለመቀየር ጀርባውን ሞልቼ እንደ አዲስ መጻፍ ነበረብኝ። መልሼ ስልክላት ደግሞ እሷ ተቸገረች።

ብቻህን ከሆንክ ዙር። ቡድን ውስጥ ከሆንክና ቡድኑ ካልዞረ አትዙር፣ ሰው ታሰቃያለህ። ሌላም አለ። የሥራ ማስታወቂያ ብታይ «ፎቶሾፕ፣ ኢለስትሬተር የሚችል» ነው የሚለው። ለተቀጣሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባነር ቤቶችም ብዙዎቹ ኮረልድሮው ነው የሚጠቀሙት፤ ፒዲኤፍ ስትሰጣቸው ፊታቸው ይቀየራል።

ሰማያዊ_ብዕር፦
@ማታ_ዲዛይነር ልክ ነህ፣ ስለ ቡድን የተናገርከው እውነት ነው። ባነር ቤቱን ግን እንዲህ አልፈዋለሁ፤ ጽሑፉን በሙሉ ኢንክስኬፕ ላይ ወደ ፓዝ ቀይሬ ፒዲኤፉንም አንድ ትልቅ ቲፍም በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ። አንዱ እምቢ ካለ ሌላው ይከፈታል። እስካሁን ባዶ እጄን ተመልሼ አላውቅም።

@ቀይ_ቀለም የድሮ ፒኤስዲዎችህን አሁኑኑ ፎቶሾፕ ያለው ጓደኛ ጋር ወስደህ ክፈታቸውና ጽሑፉን ሁሉ ገልብጠህ በተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጥ። ዛሬ ነገ አትበል።

ፊደል_ወዳድ፦
የአማርኛው ነገር አልተነሳም፤ እኔ ላንሳው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው።

ጽሑፉን ገልብጠህ አስቀምጥ ያለችህን አድርግ፤ ግን ስታስቀምጥ ተመልከተው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ስትገለብጠው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። እነዚያ ፎንቶች የኛን ፊደል በላቲኑ ቁጥር ላይ አስቀምጠው ነው የሚሠሩት። ፎንቱ ሲለወጥ ጽሑፉ ይጠፋል። ይህ የጊምፕ ችግር አይደለም፤ የትም ብትወስደው ያው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ነው፤ እኛ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በድሮው ስንጽፍ ኖረናል። መለወጫ ካላገኘህ ቁጭ ብለህ እንደገና ትተይበዋለህ። እኔ የአንድ መጽሐፍ ሽፋንና 40 ገጽ መግቢያ እንደዚያ ተይቤያለሁ።

ለአዲስ ሥራ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ወፍራም የተሟሉ ናቸው፤ ለርዕስም ለዝርዝርም ይሆናሉ። ለረጅም ንባብ አቢሲኒካ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ሁሉም በነፃ ፈቃድ ስለሆነ ፒዲኤፍ ውስጥ ብትከትታቸው የሚጠይቅህ የለም። አንድ ወጥመድ አለ። ጊምፕም ኢንክስኬፕም የላቲን ፎንት መርጠህ አማርኛ ስትጽፍ ዝም ብለው ከኮምፒዩተርህ ሌላ የአማርኛ ፎንት ያመጡልሃል። ልክ ይመስልሃል። ፋይሉ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ የፎንቱን ስም እያየህ ምረጥ።

ሌላ፣ ጠባብ ዓምድ ላይ ጽሑፉን ግራና ቀኝ እኩል አታድርገው። ቃላችን ረጅም ነው፤ መሀል ላይ ወንዝ የሚያክል ክፍተት ይተዋል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ሁለት ነጥብ ስለነበራቸው መስመሩ ሲሞላ ቃሉን የትም ሰብረው ወደ ታች ይወርዱ ነበር፤ ገጻቸው እንዴት እንደሚያምር አይታችኋል። እኛ ክፍተት ስለምንጠቀም ያ ዕድል የለንም። ግራውን ብቻ አስተካክሉ።

ሜሪላንድ_ነኝ፦
ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። ቅዳሜና እሑድ ለቤተ ክርስቲያናችንና ለማኅበሩ ፖስተር እሠራለሁ። እኔ ዶላሩም ካርዱም አለኝ፤ ሆኖም ኪራዩን አቁሜ ዞሬያለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አብዛኞቹ የፓንቶን ቀለሞች (በቁጥር የሚታወቁ መደበኛ የኅትመት ቀለሞች) ከአዶቤ ፕሮግራሞች ወጡ። ለፓንቶን ለብቻው ያልከፈለ ሰው የድሮ ፋይሉን ሲከፍት በቀለሙ ቦታ ጥቁር አገኘ። የራስህን ሥራ ነው! ከዚያ በፊት በ2019 የአሜሪካ መንግሥት ማዕቀብ ሲወጣ አዶቤ የቬኔዝዌላ ደንበኞቹን አካውንት ልዘጋ ነው አለ። በዚያው ወር ፈቃድ አግኝቶ ሐሳቡን ቀየረ እንጂ አንድ አገር ሙሉ ዲዛይነር ሥራ ሊፈታ ነበር። ያን ዜና ሳነብ ያሰብኩት አዲስ አበባ ያሉትን ወንድሞቼን ነው።

አሁን ደግሞ አፊኒቲ የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ነፃ ሆኗል የሚላችሁ ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ካንቫ የሚባለው ኩባንያ ገዝቶት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ጎበዝ ፕሮግራም ነው፣ ሲኤምዋይኬም ይሠራል። ግን ነፃ ነው እንጂ ክፍት አይደለም። የሰጠ ሊነሳ ይችላል። ጊምፕ ግን ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ከጀመሩት ወዲህ ስንት ሰው ተቀባብሎት እዚህ ደርሷል፤ ማንም ተነስቶ ሊዘጋው አይችልም።

ብሩሽ_ብቻ፦
ለሥዕል ሰዎች አንድ ቃል። የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ነው የምሠራው፣ ክሪታ ላይ። ክሪታ ከጊምፕ የሚለየው ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ ሸራ ከፍተህ መሳል መቻልህ ነው። ሁለተኛው መብራት ነው። አንድ ማታ የሦስት ሰዓት ሥራ ላይ እያለሁ መብራት ሄደ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲመጣ ክሪታን ስከፍት ያልተቀመጠ ሥራ አለህ፣ ልመልሰው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የጎደለኝ የጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። በራሱ ያስቀምጣል፤ በየስንት ደቂቃ እንደሚያስቀምጥም ትወስናለህ። ጊምፕ እንደዚያ በየደቂቃው አያስቀምጥም፤ እሱ ላይ እጅህ ኮንትሮልና ኤስ ላይ ይሁን። ክሪታ ላይ ግን ረጅም ጽሑፍ አትጻፍ፣ ለሱ አይመችም።

ማታ_ዲዛይነር፦
የተውኩትን ላንሳ። ስለ ክራክ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጨምራል። እኛ «ዲዛይኔን ሰረቁኝ» ብለን የምንጮኸው በዚያው አዋጅ ነው። እኔ አሁን በመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ነው የምሠራው፤ ማታ ለራሴ የማመጣውን ሥራ ግን በዚያ ፈቃድ መሥራት ልክ እንዳልሆነ ይሰማኛል። ይህን ክር ሳነብ ነው የመጣልኝ። የማታውን ሥራ ወደ ስክራይበስ ላመጣው ነው።

ቀይ_ቀለም፦
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። አንድ የሠርግ ካርድ ከጥግ እስከ ጥግ በአዲሱ መንገድ ሠራሁ። ፎቶውን ጊምፕ፣ የጥለቱን ጠርዝ ኢንክስኬፕ፣ ጽሑፉን ስክራይበስ። ጊዜው እጥፍ ወሰደብኝ። ስክራይበስ መጀመሪያ ግራ አጋባኝ፤ ለጽሑፍም ለፎቶም መጀመሪያ ሳጥን መሳል አለብህ፣ ከዚያ ነው የምትሞላው። ይህን ሳላውቅ አንድ ምሽት አጠፋሁ።

300 ካርድ ታተመ። ማተሚያ ቤቱ ሄጄ፣ ጋሼ እንዳሉት፣ ሉፕ ተውሼ አየሁ። የሙሽራው አባት ስም ላይ «ጨ» አለች። ሦስቱም እግሮቿ ለየብቻ ቆመዋል። ጥላ የለም። ማሽኑ ላይ የነበረውን ልጅ ጠርቼ አሳየሁት።

ያልተሳካልኝ አረንጓዴው ነው። ጥለቱ ላይ ያለው አረንጓዴ ስክሪን ላይ ሳር የመሰለ ነበር፤ ወረቀት ላይ ደብዝዞ ወጣ። ደንበኛዬ አልጠላውም፣ እኔ ግን አይቼዋለሁ። ጋሼ፣ ምን ላድርግ?

የፕሌት_ሰው፦
ጎበዝ ልጄ። አረንጓዴው የመጣው ከኢንክስኬፕ ስለሆነ አርጂቢ ነው፤ እዚያ የምታየው ብርሃን በቀለም አይታተምም። ጥለቱን ስክራይበስ ውስጥ ካስገባህ በኋላ የቀለሙን ዝርዝር ክፈትና አረንጓዴውን ራስህ በሲኤምዋይኬ ስጠው። ሳያን 75፣ ማጀንታ 0፣ የሎ 100፣ ብላክ 0 ብለህ ጀምር። ማጀንታና ብላክ ውስጡ ከገባ ነው የሚጠቁርብህ። ከዚያ በፊት ለሌላ ሥራ ወረቀት ሲቆረጥ በሚተርፈው ጠርዝ ላይ አራት አምስት አረንጓዴ አሳትምና ቁጥራቸውን ጽፈህ ግድግዳህ ላይ ለጥፍ። ስክሪኑን ሳይሆን ግድግዳውን እያየህ ምረጥ።

ጀማሪ_ባሕርዳር፦
ወንድሜ ቀይ_ቀለም፣ የካርዱን የስክራይበስ ፋይል ስሙን አጥፍተህ ብታስቀምጥልን? ሳጥኖቹን እንዴት እንደደረደርካቸው ማየት እፈልጋለሁ።

ቀይ_ቀለም፦
እሺ፣ ስሞቹንና ፎቶውን አውጥቼ ዛሬ ማታ አስቀምጠዋለሁ። ብሊዱ ገብቷል፣ ብላኩም ተስተካክሏል። ፎንቱ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ነው፤ ፋይሉን ከመክፈትህ በፊት ጫነው። አረንጓዴውን ግን ገና አልነካሁትም። ቅዳሜ ማተሚያ ቤት ስሄድ ትርፍ ጠርዙ ላይ አሳትሜ ቁጥሮቹን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።